ቴስታታው ከመውረዱ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እይ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር ነው፤ ኮሮላ እነዳለሁ። ከድሬዳዋ ስመለስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ስቆም ሪዘርቩ (የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ መያዣ) ውሃ ይተፋል። ጠዋት ራዲያተሩ ጎድሎ፣ የላይኛው ጎማ ቱቦ ደግሞ ተጨማዶ አገኘዋለሁ። ከሥር ጠብታ የለም። ጠዋት ነጭ ጭስ አለው፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። መካኒኬ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን) አውጥቶ ጣለው፤ አልተሻለውም። አሁን ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ይውረድ እያለኝ ነው።

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ አታስወርደው! ከጻፍከው ሁሉ ልቤን የያዘው ያ የተጨመደደው ቱቦ ነው። ጓርኒሲዮን ሲቃጠል የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገባ ቱቦው ይነፋል፤ አንዳንዴ አድሮ እንኳ ጠዋት ስትጨብጠው እንደ ድንጋይ ነው። ያንተ ወደ ውስጥ ተስቧል። እኔ የምጠረጥረው የራዲያተሩን ክዳን ነው።

ስለዚህ ክዳን ትንሽ ልናገር፤ ብዙ ሰው ተራ መክደኛ ስለሚመስለው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርስ 93 ይበቃዋል። ዳገት የሚገፋ ሞተር ውሃ ደግሞ ከዚህ በላይ ይሞቃል። ታዲያ ለምን አይፈላም? ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ደንገጎ አናት ላይ እንኳ መፍያውን ወደ 115 ይወስደዋል። የክዳኑ ሞላ (ስፕሪንግ) ከላላ ግን ውሃው ፈልቶ ወደ ሪዘርቭ ይሮጣል። ሌላም አለ፦ መሐሉ ላይ ሳንቲም የምታህል ቫልቭ አለች። ሞተሩ ሲበርድ ውሃው ይሸበሸባል፣ እሷ ተከፍታ ከሪዘርቭ መልሳ ታስገባለታለች። ከተጣበቀች ውሃው እዚያው ይቀራል፣ ራዲያተሩ ባዶውን ይስባል፣ ቱቦው ይጨመደዳል። ያንተ መኪና የሚያሳየው ሁለቱንም ነው።

ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነካ። የኔ ረዳት የነበረ ልጅ አንዴ በጨርቅ ይዞ ከፈተው፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ከአንገቱ እስከ ክርኑ ላጠው።

ጠዋት በብርዱ ፍታውና ገልብጠው። ጎማው ተሰንጥቋል? ቫልቯን በጥፍርህ ሳብ አድርጋት፤ ወጥታ ካልተመለሰች አልቋል። የድሬዳዋን ውሃ ታውቀዋለህ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ እዚያም ይጋገራል። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ተው፣ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሙላ። ወደ ሪዘርቭ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ንፋባት፣ ተደፍናም ሊሆን ይችላል። ክዳን ስትገዛ ቁጥሩ ከመኪናህ ጋር አንድ ይሁን፤ ርካሹን አትግዛ አቦ! ሞላው በአውራ ጣት ብቻ የሚተኛ ስንት አዲስ ክዳን ጥያለሁ።

ቴርሞስታቱን መልሰህ አስገባ። ሙቀት በመጣ ቁጥር እሱን ነቅሎ መጣል እኛ ዘንድ በሽታ ሆኗል። በብዙ የቶዮታ ሞተር እሱ ሲወጣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይዞራል፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ይብሳል።

ስለ ጭሱ አትጨነቅ፤ በሐረር ብርድ የጠዋት እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ ግን ሌላ ነገር ነው።

አዲሱ ክዳን ገብቶም ውሃ ከጎደለ፣ የውሃ ፓምፑን ሥር በባትሪ እየው፤ ጠብታ ሳይኖር የደረቀ ነጭ መስመር ይተዋል። ከዚያ ሞተሩ በርዶ ሳለ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙላና ክፍቱን አስነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ይወጣል፤ የታፈነ አየር ነው። ነዳጅ ስትሰጠው እየበዛ የማይቋረጥ ከሆነ፣ ወይም ከካንዴላዎቹ (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት) አንዱ ታጥቦ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ መካኒክህ ልክ ነው፤ ያኔ ይውረድ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) ሄዶ ሳይለካና ሳይላጥ ግን እንዳይመለስ። ሲሊኮን ቀብቶ ሊዘጋው ካሰበ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ክዳኑን ቀይረህ ደንገጎን ሁለት ቀን ውጣው። ስትቆም ኮፈኑን ብቻ ክፈት፣ ክዳኑን አትንካ፣ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ። በማግስቱ የሪዘርቩ ውሃ የት መስመር ላይ እንዳደረ ጻፍልኝ።