መልስ፦ በኔፓል የጦርነቱ ተጎጂዎች ፍትሕ ለምን ዘገየባቸው?

"ጦርነቱ በ2006 ካበቃ ኮሚሽኖቹ ምን ሲሠሩ ቆዩ?" ላልከው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦

በመንግሥትና በማኦኢስት (ኮሚኒስት) አማፂያን መካከል የነበረውን ጦርነት ያበቃው የሰላም ስምምነት የተሰወሩትና የተገደሉት ሰዎች ማንነት በ60 ቀን ውስጥ ይፋ እንደሚሆን ቃል ገብቶ ነበር። የእውነትና እርቅ ኮሚሽኑም ሆነ የተሰወሩትን የሚያጣራው ኮሚሽን የተቋቋሙት ግን በ2015 ነው። የመጀመሪያው ከ60 ሺህ፣ ሁለተኛው ከ3 ሺህ በላይ አቤቱታ ተቀበሉ፤ ከመቀበል ብዙም አላለፉም።

ዋናው ማነቆ ሕጉ ነበር። ኮሚሽኖቹ የተቋቋሙበት የ2014ቱ አዋጅ ለከባድ ወንጀሎችም ምሕረት የሚሰጥ በር ከፍቶ ስለነበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 አንቀጾቹን ሻራቸው። ማሻሻያው በፓርላማ የጸደቀው በ2024 ነው። የገንዘብ ችግር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ክሱ ሠራዊቱንም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር እስከመሆን የደረሱትን የቀድሞ የማኦኢስት መሪዎችንም ስለሚነካ የሚቸኩል አልነበረም።

እርዳታውም እኩል አልደረሰም። የሟችና የተሰወረ ሰው ቤተሰብ በየጊዜው የተከፈለው ድምር 1 ሚሊዮን ሩፒ ሲደርስ፣ የተደፈሩና ቶርቸር የተፈጸመባቸው ከዚህ ውጭ ቀሩ። የተደፈረች ሴት በመደበኛ ፍርድ ቤት እንዳትከስ ደግሞ በጦርነቱ ዘመን የአቤቱታው ገደብ 35 ቀን ብቻ ነበር፤ ያውም ታጣቂ በሞላበት መንደር እየኖረች።