ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ለማደን ሦስት ቀን ይበቃል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ እኔና ጓደኛዬም አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ሦስት ቀን ይበቃናል ብለን ነበር የወጣነው። የመጀመሪያውን ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር ራሳችንን እየወቀረ ድንኳን ውስጥ አዋለን። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከመኪናችን 8 ኪሎ ሜትር ርቀን አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ ጣልን። ደስታችን ብዙ አልቆየም። አጥንቱ ወጥቶ እንኳ ሥጋው 90 ኪሎ ግራም ያህላል፤ በትከሻ ስንት ምልልስ እንደሆነ አስላው! ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ቆዳውን ሳንገፍ ማደራችን ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለነበር አይበላሽም አልን። ለካ ቆዳው ሙቀቱን አፍኖ አድሯል፤ ጠዋት ቢላዋዬ የታፋው አጥንት ጋ ሲደርስ ሙቀትና ሽታ ወጣ። የቅርጫ በሬ ሲበለት እያየን ያደግን ሰዎች! ወዲያው ገፍፋችሁ ብልት አውጡና አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ጥላ ሥር ስቀሉት። ቢያንስ ሰባት ቀን ያዙ፤ የጭነት ፈረስ የሚያከራይ ሰውም ከመውጣታችሁ በፊት አነጋግሩ።