«እኔ ለምን ቀረሁ?»

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት እናት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ባለቤቴና የመጀመሪያ ልጄ በርጩማ ሠሪዎች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣኋቸው። የቀረችኝ የ14 ዓመት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ዝም ብላብኛለች። የሥራ ቤቱን ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። አብሯቸው ይሠራ የነበረው ልጅ ቁልፉን እየጠየቀ ይመላለሳል፤ እምቢ አልኩት። ዘመድ «በቃሽ፣ ፈጣሪን አታማሪ» ይለኛል። ማታ ስተኛ ባልነቃ ደስ ይለኛል። እኔ ለምን ቀረሁ?

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ። ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? መልስዎ አዎ ከሆነ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ። ብቻዎን አይደሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሰው ይዘው ይሂዱ። አዎ ባይሆንም ይሂዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልቀለለ ሐዘን ሕክምና ያስፈልገዋል።

«በቃሽ» የሚሉዎ ክፋት ኖሯቸው አይመስለኝም። አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሲያልፍ ሐዘኑም ያለፈ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በቃ አልልዎም። «ለበጎ ነው» ብዬም አላጽናናዎ። የእነሱ ሞት ምንም በጎ ነገር የለውም።

ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። አይሁዳዊ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ከነቤተሰቡ ወደ ማጎሪያ ወሰዱት። በ1945 ነፃ ሲወጣ አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ አልቀው ነበር። እዚያ ማጎሪያ ውስጥ ሁለት ሰዎች መኖር በቃን ብለውት ነበር። ከሕይወት የምንጠብቀው ነገር የለም አሉት። እሱም ጥያቄውን ገለበጠላቸው፤ ከእናንተስ የሚጠበቅ ነገር የለም ወይ? አንደኛው ባዕድ አገር ያለ የሚሳሳለት ልጅ ነበረው። ሌላው ሳይንቲስት ነበር፤ ጽፎ ያልጨረሳቸው መጻሕፍት ነበሩት። ለዚያ ልጅ አባቱን የሚተካለት፣ እነዚያን መጻሕፍትም የሚጨርስ ሌላ ሰው አልነበረም። ፍራንክል ግን መከራ ጥሩ ነው አላለም። ማስቀረት የሚቻለውን መከራ ማስቀረት ነው ያለብን ይል ነበር።

የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ቁልፉ ላይ ነው። እርስዎ እንደዋዛ ነው የጻፉት። ያ ልጅ ለሁለት ዓመት እየተመላለሰ ነው። ሥራ ፍለጋ ብቻ ቢሆን ሌላ ቤት በሄደ ነበር። እሱም መምህሩንና ጓደኛውን ቀብሯል፤ ለቅሶ ደርሶ «አይዞህ» ያለው ሰው ግን መኖሩን እንጃ።

ልጅዎም ዝም ያለችው አባቷንና ወንድሟን ረስታ አይደለም። ልጆች እናታቸው እንዳይብስባት ብለው ሐዘናቸውን ይውጣሉ። እርስዎ ይጀምሩላት። ቡና አፍልተው ከጎንዎ ያስቀምጧትና ወንድሟን በስሙ ይጥሩት። ስለ ሞቱ ሳይሆን ሲያስቃችሁ ስለነበረው ነገር ያንሱ። ብታለቅስ «ዝም በይ» እንዳይሏት።

ከዚያ፣ አቅም ባገኙ ቀን፣ ቁልፉን ይዘው ከእሷና ከልጁ ጋር ሦስት ሆናችሁ ሥራ ቤቱን ክፈቱ። የመጀመሪያው ቀን ምንም ሥራ አይኑር። አቧራውን ጥረጉ፤ ልቅሶ ከመጣም አልቅሱ። ተጀምሮ የቀረ በርጩማ ካገኛችሁ እርስዎ አንስተው ለልጁ ያቀብሉት። እንዴት እንደሚጨረስ እሱ ያውቃል።