ቅዳሜ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህታችን አራት ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ በነርስ ረዳትነት ሠርታ፣ ጎን ለጎን ተምራ በቅርቡ የነርስነት ላይሰንሷን አወጣች። አሁን ከሁለት ሆስፒሶች፣ ማለትም ሕይወታቸው ሊያልፍ የተቃረበ ሕሙማንን ብዙውን ጊዜ ቤታቸው ሄደው ከሚንከባከቡ ድርጅቶች፣ የሥራ ኦፈር አላት። አንደኛው በሰዓት 6 ዶላር ይበልጣል፣ ሲፈርሙ የሚሰጥ ቦነስም አለው፣ «ሰኞ ጀምሪ» ብሏታል። ሁለተኛው ክፍያው ያንሳል፣ ሁለት ጊዜ ኢንተርቪው አድርጓታል፣ መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ከነባር ነርስ ጋር ትሄጃለሽ ብሏታል። «አገር ቤት እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ፣ ብሩ ያስፈልገኛል። ግን ሆስፒስ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይታወቃል?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። እየሠሩ መማር ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ብር ያስፈልገኛል ማለት ነውር አይደለም። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሪ ያ 6 ዶላር 240 ዶላር ይሆናል፣ ታክሱ ሳይነሳ። እናት ለሚጦር ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን እርሺው ብዬ አልመክርሽም። የምልሽ ሌላ ነው፤ ያ 6 ዶላር ለምን እንደተጨመረ ሳታውቂ አትፈርሚ።

ነርሲንግ ሆም ውስጥ ግር ያለሽ ነገር ካለ ኮሪደሩ ላይ ሰው ታገኛለሽ። ሆስፒስ ላይ ብቻሽን ነሽ። የሰው መኝታ ቤት ውስጥ ቆመሽ፣ አልጋው ላይ የሚያቃስት ሰው አለ፣ ልጆቹ ዓይን ዓይንሽን ያያሉ። መድኃኒቱ ካልደረሰ፣ ኦክስጅኑ ካልመጣ፣ ሐኪሙ ስልክ ካላነሳ ቤተሰቡ የሚያውቀው አንቺን ነው። የድርጅቱን ጉድለት ሁሉ ተሸክመሽ በር የምታንኳኪው አንቺ ነሽ። እኔ የመጀመሪያ ሆስፒሴን ስመርጥ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ክፍያውን ብቻ አይቼ ገባሁ፣ በሦስተኛው ወር 22 ሕሙማን ይዤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሠራሩን ከገንዘቡ በኩል ከያዝሽው ሌላው ይቀልልሻል። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሆስፒስን መሸፈን የጀመረው በፈረንጆቹ 1983 ነው። ሁለት ሐኪሞች «ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከቀጠለ ይህ ሰው የሚቆየው 6 ወር ወይም ከዚያ በታች ነው» ብለው ሲፈርሙ ሕመምተኛው መግባት ይችላል። ከዚያ በኋላ ክፍያው በቀን ነው። ነርስ ሄደችም ቀረችም የዚያ ቀን ሒሳብ ይገባል። የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ላይ ለነርስና ለሶሻል ወርከር ጉብኝት ተጨማሪ አለ፣ ዋናው ግን የቀን ሒሳቡ ነው። ሥራውን የሚወድ ድርጅት ከዚያ ብር ላይ ነርሱን፣ የሚያጥበውን ረዳት፣ ሶሻል ወርከሩን፣ የሃይማኖት አጽናኙን፣ መድኃኒቱንና አልጋውን ያሟላል። ትርፍ ብቻ የሚያየው ደግሞ በሽተኛ ይጨምራል፣ ነርስ ይቀንሳል። በወረቀት ሁለቱም አንድ ናቸው። አሜሪካ ካሉት ሆስፒሶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ለትርፍ የሚሠሩ ናቸው፤ ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፣ እጃቸው ላይ ባርፍ የምላቸው ለትርፍ የሚሠሩ አሉ። ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነና በቅርብ ተሽጦ እንደሆነ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ዛሬ ማታ ልታደርጊው የምትችይው ነገር አለ። ሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ «ኬር ኮምፔር» የሚባል ክፍል አለ፤ የሁለቱንም ስም አስገቢና ጎን ለጎን እያቸው። ብዙ ሰው ኮከቡን አይቶ ይዘጋዋል። ኮከቡ የሚመጣው ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ ለቤተሰቡ ከሚላክ መጠይቅ ነው። ጠቃሚ ነው፣ ግን ትንንሾቹ ሆስፒሶች በቂ መልስ ስለማይሰበሰብላቸው ኮከብ ላይኖራቸው ይችላል፣ ስለዚህ ኮከብ የለውም ብለሽ አትጣይው። እኔ መጀመሪያ የማየው ሌላ ቁጥር ነው፦ ሕይወታቸው ሊያልፍ በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ቢያንስ በሁለቱ ቀን ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር የጎበኛቸው ሕሙማን ስንት በመቶ ናቸው? ሰው ሆስፒስ የሚገባው ለእነዚያ ቀናት ነው። ያኔ ያልመጣ ድርጅት ቀድሞ ያመጣው የአበባ እቅፍ ምንም አይሠራም።

ከዚያ ቀጥሎ ከ10 የሚሰጥ የሆስፒስ መለኪያ ታያለሽ። አሥር ነገሮች ተደምረው የሚገኝ ነጥብ ነው። ነርስ ሳትመጣ ከ7 ቀን በላይ ያለፈበት ጊዜ አለ ወይ፣ ቅዳሜና እሑድ ነርስ ምን ያህል ደቂቃ ትሠራለች፣ በሕይወት እያሉ የሚሰናበቱት ስንት ናቸው የሚሉት እዚያ ውስጥ አሉ። የመጨረሻው እንዳያሳስትሽ። ሰው ተሽሎት ወይም ሐሳቡን ቀይሮ ሊወጣ ይችላል፣ መብቱ ነው። ብዛቱ ሲበረክት ግን ወይ መግባት የማይገባቸውን ሰዎች እያስገቡ ነው፣ ወይ ወጪ የሚያበዙባቸውን እየገፉ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ግዛቱ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የሆስፒስ ፈቃድ መስጠት እስከማቆም ደርሷል። ሎስ አንጀለስ ዘመድ ካለሽ ይህንን ንገሪያት፤ ምንም ያላመማቸው አሮጊቶች ሳያውቁ ሆስፒስ ላይ የተመዘገቡበት ቦታ ነው።

የምርመራ ሪፖርትም አለ። ሆስፒሶች ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይመረመራሉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ይህን የሚሠራው የግዛቱ የጤና ክብካቤ ጥራት ቢሮ ነው። ሪፖርት ላይ ጉድለት ስታይ ወዲያው አትደንግጪ። የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ከ2012 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከ80 በመቶ በላይ የሆኑት ሆስፒሶች ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኝቶባቸው ነበር። ጉድለቱ ምን እንደሆነ አንብቢ። ፋይል ላይ ፊርማ ጎደለ የሚለውና ሕመምተኛው ሥቃይ ላይ እያለ ማንም አልመጣም የሚለው አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቁጥሩ የማይነግርሽን በኢንተርቪው ጠይቀሽ ማውጣት አለብሽ፣ ያንቺ ተራ ሲደርስ «ጥያቄ የለኝም» ብለሽ እንዳትነሺ። አንዷን ጥያቄ ብቻ የምትጠይቂ ከሆነ ይህቺን ጠይቂ፦ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤተሰብ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ማነው? ነርስ ከተባለች፣ የት ሆና? ስንት ሕሙማን አሏት? ቤት ድረስ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?

ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ። ያ የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ፣ የእኛው አገር ሰው። ቅዳሜ ማታ ትንፋሻቸው አጠረ። ልጃቸው ደወለች፣ ያነሳው መልእክት የሚቀበል ድርጅት ነው። «ነርስ ትደውልልሻለች» አሏት። ፍሪጅ ውስጥ የሆስፒሱ የመድኃኒት ሣጥን አለ፣ ሥቃይና የትንፋሽ ማጠር የሚያስታግሰው ሞርፊኑም እዚያው ተቀምጧል፣ ግን ማንም አላስረዳትም። ጠርሙሱን ይዛ «ብሰጣት እገድላታለሁ» እያለች እስኪነጋ አለቀሰች። ነርሷ የደረሰችው ልጅቱ ከደወለች ከስድስት ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ሰኞ እኔ ስሄድ ልጅቱ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ብሰጣት ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስባትም ነበር?» እስከ ዛሬ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለ።

በኋላ የተቀየርኩበት ቦታ ያየኋት ነርስ ደግሞ ምን ታደርግ ነበር መሰለሽ። መርፌ የሌለውን ትንሿን ሲሪንጅ ትይዝና 0.25 ሚሊ ሊትር ላይ ቀይ ቴፕ ትለጥፋለች፤ በዚያ ጠርሙስ 5 ሚሊ ግራም ሞርፊን ማለት ነው። የሕመምተኛዋን ልጅ ራሱን ውኃ ስቦ እንዲለማመድ ታደርገዋለች። ሦስት ጊዜ። «እዚህ ቀዩ ላይ ስትደርስ አቁም፣ ጉንጯ ውስጥ ቀስ አድርገህ፣ ከዚያ ለእኔ ደውል።» ዐሥር ደቂቃ ነው የፈጀባት። ያ ቤተሰብ ሌሊቱን በፍርሃት አላሳለፈም። ግን ልብ በይ፣ ያንን 10 ደቂቃ ያገኘችው ድርጅቱ 12 ሕሙማን ብቻ ስለሰጣት ነው። ደግነቷ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ስለዚህ ስንት ሕሙማን እንደሚሰጡሽ ጠይቂ፣ «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ አትቀበይ። ዛሬ አንዷ ነርሳችሁ ስንት ይዛለች በያቸው። በእኔ ዓይን ከ12 እስከ 14 የሚሠራበት ነው፣ በሚነዳው ርቀት ይለያያል። 18 እና 20 ከሰማሽ የ6 ዶላሩ ምክንያት ተገኘ። ከአንቺ በፊት ያ ቦታ ላይ የነበረችው ነርስ ለምን ሄደች? ስንት ጊዜ ቆየች? ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በጉብኝት? በጉብኝት ከሆነ እየሮጥሽ ትሠሪያለሽ፣ ቻርቱን፣ የሕመምተኛውን መዝገብ ማለቴ ነው፣ ሌሊት ቤትሽ በነፃ ትጽፊያለሽ። የመኪና ማይል ይከፍላሉ ወይ? በወር ስንት ሌሊት ኦን ኮል፣ ማለትም ሲደወል ለመውጣት ተጠባባቂ፣ ነሽ? ይህን ሁሉ ስታሰይው ያ 6 ዶላር ወደ 2 ሊወርድ ይችላል፣ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል።

ረዳቶቹንም አትርሺ፣ ከእነሱ ነው የመጣሽው። ነርስ የረዳቷን ሥራ ቢያንስ በየ14 ቀኑ ቤት ሄዳ ማየት አለባት፤ ደንብ ነው። ማን ያያል ብለሽ ጠይቂ። ረዳቶቿን የምታከብር ድርጅት ሕሙማኗንም ታከብራለች፣ ይህንን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። አማርኛ ስለምትችይ በደስታ ይቀበሉሻል፣ እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን ብዙ ናቸውና። ጥሩ ነው። ግን የሠለጠነ አስተርጓሚ አላችሁ ወይ በያቸው። ከሌላቸው ከራስሽ ሕሙማን በተጨማሪ የድርጅቱ ሁሉ አስተርጓሚ ትሆኛለሽ፣ ያለ ክፍያ። ደግሞ ቤተሰቡ «እሷ ፊት ሆስፒስ የሚል ቃል እንዳታነሱ» ሲል ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። እኛ ዘንድ ቃሉ ራሱ «ተስፋ ቆረጡባት» ማለት ሆኖ ነው የሚሰማው። በችኮላ ወረቀት የሚያስፈርም ድርጅት ያንን ቤት ሰብሮት ይወጣል። ጥሩው ሕመምተኛዋን ራሷን «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ለማን እንንገር?» ብሎ ይጠይቃል። ቄስ መጥተው ቀንዲል እንዲቀቡ ጊዜ የሚሰጥ፣ ሙስሊሙ ወደ ቂብላ እንዲዞር አልጋውን ለማዞር የማይሰንፍ፣ ሃያ ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ የማይደነግጥ ቦታ ነው የምትፈልጊው።

ይህቺን ደግሞ በደንብ ስሚኝ። ሕመምተኛው ሆስፒስ ላይ እንዲቆይ መጀመሪያ ሁለቴ በ90 ቀን፣ ከዚያ በየ60 ቀኑ እንደገና ይረጋገጣል። ማረጋገጫው አንቺ በምትጽፊው ላይ ይመሠረታል። «ትንሽ ደከም ብላለች ብለሽ ጻፊ» የሚል አለቃ ካጋጠመሽ፣ ወይ ያልሄድሽበትን ጉብኝት ፈርሚ ካለሽ፣ በዚያው ቀን ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። እሱ ድርጅቱን ዘግቶ በሌላ ስም ይከፍታል። ያንቺ ላይሰንስ ግን አንድ ነው፣ ስንት ሌሊት እንዳስከፈለሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

ባንቺ ቦታ ብሆን ወደ ሁለተኛው ነው የማደላው። አዲስ ነርስ ለብቻዋ ሰኞ የምትላክበት ሆስፒስ ያስፈራኛል፤ ስድስት ሳምንት አብሮሽ የሚሄድ ሰው መስጠት ለድርጅቱ ወጪ ነው፣ ያንን የሚያወጣ ድርጅት ሌላም ነገር ላይ አይሰስትም ብዬ አስባለሁ። ግን በእኔ ግምት አትወስኚ። ሁለቱንም «ከመፈረሜ በፊት ከነርሳችሁ ጋር አንድ ቀን ልውጣ» በያቸው፣ የሕሙማኑን ፈቃድ ጠይቀው ሊያመቻቹት ይችላሉ። እምቢ ያለው መልሱን ሰጥቶሻል። ሁለተኛውን ደግሞ አፍ አውጥተሽ ደመወዝ ጨምሩልኝ በይ። አማርኛሽና አራት ዓመት ሰው ያጠብሽበት እጅሽ ዋጋ አላቸው። 2 ወይም 3 ዶላር ቢጨምሩልሽ አይገርመኝም፣ ባይጨምሩም ስለጠየቅሽ ብቻ ኦፈሩን ይነጥቁሻል ብዬ አላስብም።

እና የፊታችን ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት ላይ የሁለቱንም የሌሊት ስልክ ደውይ። ላነሳው ሰው እውነቱን ንገሪው፤ «ነርስ ነኝ፣ እናንተ ጋ ልጀምር ነው፣ በዚህ ሰዓት ማን እንደሚያነሳ ማወቅ ፈልጌ ነው» በይና መስመሩን ሳትይዢ ቶሎ ዝጊ። ማን እንዳነሳና ስንት ጊዜ እንደጠራ ጻፊልኝ።