ልጄ ባል በስልክ አገኘሁ አለችኝ

«ሴት ልጄ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ 31 ዓመቷ ነው። በስልክ መተግበሪያ የተዋወቀችውን ልጅ ላገባ ነው አለችኝ። እሱ የሚኖረው ሲያትል ነው፤ ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቷታል። ወላጆቹ ደሴ ናቸው አሉ። አባቷ ‹የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ!› ብሎ ስልኳን ማንሳት ትቷል። እኛ በሽማግሌ ነው የተጋባነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዘመናችን አልነበረም። እንዴት ብዬ ላስተዋት?»

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ልጅዎ አግብታ አልነገረችዎትም፤ ሳታገባ ነው የነገረችዎት። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መተዋወቂያው መንገድ እርስዎ እንደሚያስቡት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የሃርቫርድ ተማሪዎች «ኦፕሬሽን ማች» የሚባል አገልግሎት ከፍተው ነበር። ሰው 3 ዶላር ከፍሎ ረጅም መጠይቅ ይሞላል፤ መልሱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ይስማሙሃል የተባሉት ሰዎች ስም በፖስታ ይላክለታል። በ1995 ማች ዶት ኮም በኢንተርኔት መጣ፤ በ2012 የመጣው ቲንደር የተባለው የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ነገሩን ፎቶ በጣት ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወደ መግፋት አቀለለው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ ባጠኑት መሠረት፣ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከተገናኙት የወንድና የሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት በኢንተርኔት ነው። ልጅዎ በምትኖርበት አገር ይህ ነውር የለውም።

ባለቤትዎ «የማን ልጅ ነው?» ማለታቸው ግን ተገቢ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊትና በኋላ ስንት ሥራ ነበር! ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ይጠጣል ወይ፣ ዕዳ አለበት ወይ፣ ሌላ ቦታ የወለደው አለ ወይ ተብሎ ጎረቤት ይጠየቃል። ስልኩ ማስተዋወቁን ወሰደ እንጂ ይህን ሥራ የሚሠራልን የለም። አንዳንድ መተግበሪያ የሚያወጣው «ይህን ያህል በመቶ ትስማማላችሁ» የሚለው ቁጥርም ዋስ አይሆንም። ኦኬኪዩፒድ የተባለው የመተዋወቂያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱ እንደተናገረው፣ የማይስማሙ ሰዎችን ሆን ብሎ «90 በመቶ ትስማማላችሁ» ብሏቸው ነበር፤ እነሱም አምነው ከወትሮው ይበልጥ ተጻጻፉ። በጽሑፍ ስንተዋወቅ ደግሞ ያላየነውን የሰውየውን ጠባይ በራሳችን ምኞት እንሞላዋለን። ሁለት ጉብኝት ይህን ለማጥራት አይበቃም።

እኔን የሚያሳስበኝ የአባቷ ዝምታ ነው። በር የተዘጋባት ልጅ ጊዜዋ ሁሉ ለእጮኛዋ ጥብቅና በመቆም ያልቃል። ነገ አንድ የማያምር ነገር ብታይበት እንኳ ለማን ትናገራለች? «አላልንሽም!» የሚላትን ፈርታ ትውጠዋለች። ብዙ ሴቶች በመጥፎ ትዳር የሚቆዩት የሚመለሱበት ቤት ያኮረፈ ስለሚመስላቸው ነው።

ስለዚህ ማስተዋቱን ይተዉትና ይደውሉላት። «እስቲ አጫውቺኝ፣ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብለው ይጀምሩ፤ «ዘሩ ምንድን ነው?» ብለው አይጀምሩ። ሲናደድ አይታው ታውቅ እንደሆነ፣ ጓደኞቹን ታውቃቸው እንደሆነ፣ እሷስ ሲያትል ሄዳ ቤቱን አይታ እንደሆነ ይጠይቋት። ካልሄደች ቀን ሳይቆረጥ ትሂድ። ገንዘብ ጠይቋት ከሆነ፣ ወይም ከወዳጆቹ ጋር ላለማገናኘት ምክንያት የሚያበዛ ከሆነ፣ ያኔ ሥጋትዎን በግልጽ ይንገሯት።

ቀጥሎ «ቤተሰቦቹን ብንተዋወቅ ምን ይመስልሻል?» ይበሏት። ደሴ ሩቅ አይደለም፤ እሺ ካለች የሚያምኑት ዘመድ ሄዶ ይጠይቅ፣ ሰባት ቤቱም ይቆጠር። እሷ ሳታውቅ ግን ሰው እንዳይልኩ አደራ፤ ከሌላ ሰው ከሰማች ሁለተኛ አታምንዎትም።

ለባለቤትዎም ይህን ሥራ ይስጧቸው። የልጁን አባት ደውሎ የሚያነጋግረው እሳቸው ይሁኑ። ብዙ አባቶች ያኮረፉት ሳይጠየቁ ስለታለፉ ነው፤ ከተጠየቁ ስልኩን ማንሳታቸው አይቀርም።