ጣቢያው ተዘጋ፣ ሃርድ ዲስኩ እኔ ጋ ቀረ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፤

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚሁ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የጋዜጠኝነት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኮሌጁ ተማሪዎች የምንለማመድበት ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነበረው። ማሰራጫው ተበላሸ፤ መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው ተባለ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ «ክፍሉ ለኮምፒውተር ላብ ይፈለጋል» የሚል ወረቀት ስቱዲዮው በር ላይ ተለጠፈ።

የእንቁላል ካርቶኑን ግድግዳው ላይ የለጠፍነው እኛው ነን። ቅዳሜ ጠዋት በአማርኛና በኦሮምኛ የሰፈሩን ጉዳይ እናወራ ነበር፦ ውሃ የትኛው ብሎክ እንደመጣ፣ ባጃጅ ስንት እንደጨመረ፣ መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም የተወሰደባቸው ገበሬዎች ምን ላይ እንዳሉ። ጉልት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ባዩኝ ቁጥር «ምነው ጠፋችሁ?» ይሉኛል።

ዕቃው ሲወጣ ቴክኒሽያኑ ፕሮግራሞቻችን ያሉበትን ሃርድ ዲስክ «አንቺ ጋ ይቆይ፣ እዚህ ከቀረ ፎርማት ያደርጉታል» ብሎ ሰጠኝ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ጓደኞቼ በጣቢያው ስም ዩቲዩብ ከፍተን እንጫነው እያሉ ነው። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። አባቴ በበኩሉ «አካውንቲንግ ተማሪ ብዬሽ ነበር» ማለቱን አላቆመም። ምን ይመክሩኛል?

ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ሃርድ ዲስኩን መልሺ። ስትመልሺ ግን ቅጂ እንዲፈቀድላችሁ በደብዳቤ ጠይቂ፤ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቢና ቀሪው ላይ ማህተም አስመቺ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ ለሥራው ያዘጋጀው ነገር፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ተማሪ ግን ተቀጣሪ አይደለም፤ ኮሌጁ «ሁሉም የእኔ ነው» ቢል መከራከሪያ አላችሁ። የጣቢያውን ስም ተዉት። ፈቃዱ የወጣው በኮሌጁ ስም ነው፤ ለቻናላችሁ ሌላ ስም ፈልጉ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እነዚያ ገበሬዎች ያናገሯችሁ ለሰፈር ሬዲዮ ብለው ነው። ኤፍ ኤም ላይ የተነገረውን የሰማ ሰማው፣ ያልሰማው አመለጠው። አንድ ገበሬ ስለ ካሳው የተናገረው ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ ግን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወረዳ ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲሄድ አንዱ ስልኩ ላይ ከፍቶ ሊጠብቀው ይችላል። ያውም ሌላ ሰው ቆርጦ «ጉድ ፈላ» የሚል ርዕስ ካልሰጠው ነው! ስለዚህ የተናገሩትን ሰዎች እየዞራችሁ አስፈቅዱ። ስልክ መደወል አይበቃም፤ ቤታቸው ሂዱ፣ የገዛ ድምፃቸውን አሰሟቸው፣ ዩቲዩብ ምን እንደሆነ አስረዱ። እሺ ያለውን ጫኑ፣ እምቢ ያለውን ተዉ። ጊዜ ይፈጃል፣ ጥሩ ጥሩውም ፕሮግራም ሊቀር ይችላል። ይቅር።

ዩቲዩብ ሬዲዮን ይተካል የሚሉሽ ከሆነ ግን አልስማማም። የብሎኩ ጥበቃ እናንተን ለማየት ፓኬጅ አይገዛም፤ ኤፍ ኤም ተራ ስልክ ላይ ኤርፎን ሰክቶ ያለ ብር ይሰማል። ደግሞም የተሰጠሽን 30 ደቂቃ በ30 ደቂቃ መጨረስ፣ እንግዳ ቢቀር አየሩን ባዶ አለመተው፣ እነዚህ የሚለመዱት ቀጥታ ስርጭት ላይ ነው።

ኮሌጁን ማሰራጫ አስጠግኑ ብትሉት አይሰማችሁም። የተበላሸው ግን ማሰራጫው እንጂ ሚክሰሩና ማይኩ አይደለም። በዚያው ደብዳቤ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን የመቅረጫ ክፍል ጠይቁ። እዚያ የቀረጻችሁትን ይዛችሁ የከተማውን ጣቢያዎች አንኳኩ፤ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ጨምሮ ከተባባሪ አዘጋጆች፣ ማለትም ከጣቢያው ውጭ ሆነው ፕሮግራም ከሚያዘጋጁ ሰዎች ጋር የሠሩ አሉ። የራሳችሁን የአየር ሰዓት እንድትገዙ አልመክራችሁም፤ ስፖንሰር ፍለጋ ትምህርታችሁን ይበላዋል። ለአንድ ነባር ፕሮግራም ግን 10 ደቂቃ የቱሉ ዲምቱ ዘገባ ማቅረብ ድፍረት እንጂ ብር አይጠይቅም።

አባትሽ ክፉ አላሰቡም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ብትቀይሪ እስካሁን የከፈሉት እንደማይመለስ በእርጋታ አስታውሻቸው፤ ሒሳብ ስለሚወዱ ይገባቸዋል።

ደብዳቤውን በዚሁ ሳምንት አስገቢ። የኮምፒውተር ላቡ ሥራ ከጀመረ በኋላ ክፍል የሚሰጥሽ የለም።