ማሠልጠን ለጀመራችሁ ወጣቶች፦ የሕንድን እግር ኳስ አጥኑ

ውድ ልጆቼ፣

የእግር ኳስ ሥልጠናን ሙያችሁ ለማድረግ የቆረጣችሁ ሁሉ፣ የታላላቆቹን የአውሮፓ ክለቦች ጨዋታ ከመተንተናችሁ ጎን ለጎን የሕንድን እግር ኳስ ታሪክ ጊዜ ሰጥታችሁ እንድታጠኑ እመክራችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ ሕንድን የምታውቋት በክሪኬት ነው። ሆኖም በ1889 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካልካታው ሞሁን ባጋን በ1911 የእንግሊዝ ጦር ቡድን የሆነውን ኢስት ዮርክሻየርን 2 ለ 1 ረትቶ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ከአንዱ ተከላካይ በቀር ተጫዋቾቹ በሙሉ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። በቅኝ ግዛት ሥር ያለ ሕዝብ ገዢውን ራሱ ባመጣው ጨዋታ ማሸነፉ ምን ያህል ልብ እንደሚሞላ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሕንድ በ1950 ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ያልሄደችው ፊፋ በባዶ እግር መጫወትን ስለከለከለባት ነው የሚለውን ወሬ ግን ሳትመረምሩ አትቀበሉ። የሕንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በዚያን ጊዜ ከዓለም ዋንጫ ይልቅ ለኦሎምፒክ ክብደት ይሰጥ ነበር፤ ጉዞውም እጅግ ረጅም፣ የዝግጅቱም ጊዜ አጭር ነበር። የሰዎችን ውሳኔ በታኬታ ማመካኘት ስለሚቀል ወሬው እስከ ዛሬ ይነገራል። ታኬታ ግዴታ የሆነው ቡድኑ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በዩጎዝላቪያ 10 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ቡድኑን ያቃናው ዋናው ሰው ሰይድ አብዱል ራሂም የተባሉ የሃይደራባድ መምህር ናቸው። ተጫዋቾቻቸውን ኳስ ሳያዘገዩ በአንድ ንክኪ እንዲቀባበሉና ደካማ እግራቸውንም እንዲያጠነክሩ አሠልጥነው፣ በ1956 በሜልበርን ኦሎምፒክ አራተኛ ደረጃ ላይ አደረሷቸው።

በ1962 የጃካርታ የእስያ ጨዋታዎች የሠሩትን ደግሞ በተለይ አጥኑት። ቡድኑ በመጀመሪያው ጨዋታ በደቡብ ኮሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዋናው ተከላካይ ጃርናይል ሲንግም በሌላ ጨዋታ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ተሰፋ። በካንሰር ይሠቃዩ የነበሩት ራሂም ቁስለኛውን ተከላካይ ከማሳረፍ ይልቅ አጥቂ አድርገው አሰለፉት። እሱም በግማሽ ፍጻሜውም በፍጻሜውም ግብ አስቆጠረ፤ ሕንድም ያንኑ ደቡብ ኮሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። እንዲህ ያለው ውሳኔ በድንገት አይመጣም፤ ራሂም ተጫዋቹ ምን እንደሚችል ለዓመታት አይተው ያወቁ ሰው ነበሩ።

ራሂም በቀጣዩ ዓመት አረፉ፤ ሕንድም ያንን ወርቅ እስከ ዛሬ አልደገመችም። የእኛም አገር የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በዚያው በ1962 እንደሆነና ከዚያ ወዲህ እንዳልደገመችው ስታስታውሱ፣ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታያችሁም። ለሕንድ መውረድ የፌዴሬሽኑ ድክመትና የክሪኬት መግነን ድርሻ አላቸው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የአንድ ሰው እውቀት ተተኪ ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የልምምድ ዕቅዳችሁን፣ ተጫዋቹን ለምን ከዚያ ቦታ ወደዚህ እንዳዛወራችሁት ጭምር፣ በደብተር እየጻፋችሁ ለረዳታችሁ አስነብቡ፤ በሳምንት አንድ ቀንም ልምምዱን እሱ ይምራው፣ እናንተ ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ።